ካልተጠየቀ የማይፈርድ ዳኛ

አራቱ ዳማ ፈረሶች ወደ ዋራቢን ርስት የሚወስደውን ቁልቁለት በሶምሶማ ሲወርዱ፣ ሠረገላው ከኋላቸው ያስነሣው አቧራ ባቡር ጣቢያውን ከነጣሪያው ዋጠው። ኢኖክ ፐርዲው ዛቡን በግራ እጁ ይዟል፤ አለንጋውን ጭኑ ላይ አጋድሞ አንድም ጊዜ አላነሣውም። ውስጥ የታጨቁት እንግሊዛውያን እንግዶች ይዘፍናሉ። ከጎኑ፣ ከነጂው ወንበር ላይ የተቀመጠው ግን አይዘፍንም፤ ያወራል።

ይህ ሰው ሚስተር ላንስሎት ፌይን ይባላል። የክሪኬት ቡድኑ አምበል እጁን ታሞ ሜልበርን ሐኪም ዘንድ ስለቀረ፣ የዛሬውን ጨዋታ የሚመራው እሱ ነው። ቀይና ቢጫ ዝንጉርጉር ቆብ ደፍቷል፤ ፊቱም ከፀሐዩ የተነሣ ከቆቡ ቀይ ጋር መመሳሰል ጀምሯል።

«ነገ የገና በዓል ነው፤ አገሬ ቢሆን በረዶ ነበር፤ እኔ ደግሞ እንደ ዳቦ እየተጋገርኩ ነው» አለ። «እዚህ አገር ሰው እንዴት ይኖራል?»

«እንዳሉት ጌታዬ» አለ ኢኖክ።

«ምን አልኩ?»

«ይሞቃል ብለዋል ጌታዬ።»

ሚስተር ፌይን ሳቀ። ኢኖክ ዕድሜውን ሙሉ ከጌቶች ጎን ተቀምጦ የተማረው ነገር ቢኖር ዝም አይነቅዝም የሚለውን ነው። ጌታ ሲጠይቅ መልስ ፈልጎ አይደለም፤ የራሱን ድምፅ ለማሳረፍ ነው። «እንዳሉት ጌታዬ» የምትባለዋ ነገር ደግሞ ለፍርድም ለሠርግም ለለቅሶም ትሆናለች።

«ለምን እንደመጣን መቼም ታውቃለህ» አለ ፌይን። «በነሐሴ መጨረሻ የእናንተ ልጆች ለንደን መጥተው በገዛ ሜዳችን አሸነፉን። አንድ ጋዜጣ የእንግሊዝ ክሪኬት ሞተ ብሎ አወጀ። ሬሳው ይቃጠላል፣ አመዱም ወደ አውስትራሊያ ይወሰዳል አለ። አገር ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። እኛ እንግዲህ አመዱን ልንመልስ ነው የመጣነው።»

«እግዜር ያጽናዎት ጌታዬ» አለ ኢኖክ።

ፌይን ዞር ብሎ አየው። የነጂው ፊት ላይ ከአቧራ በቀር ምንም አልነበረም።

የቤቱ አዛዥ ሚስተር ታድዌል በጋጣው ግቢ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ ይጠብቅ ነበር። በዚያ ሐሩር ጥቁር ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። እንግሊዝን ለቆ ከመጣ ወዲህ እንግሊዝነቱ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም።

«እመቤታችን ሌዲ ሴልዊን እንግዶቻቸው ተደስተው እንዲሄዱ ይፈልጋሉ» አለ። «የተደሰተ እንግዳ ደግሞ የተሸነፈ እንግዳ አይደለም። ገባችሁ?»

የግቢው ብረት ቀጥቃጭ ጃቤዝ ትሬሎር እጁን በቆዳ ሽርጡ ጠረገ። ዛሬ ኳሷን የሚወረውረው እሱ ነው። ክንዱ የፈረስ ጭን ያህላል።

«ታዲያ ልወርውር ወይስ ልለምናቸው?» አለ።

«በወጉ ትወረውራለህ። ኳስ በአየር ላይ ቢቀለብም፣ ካስማ ቢመታም ግን ማንም አፉን አይከፍትም። ማንም አይጠይቅም።»

ሁሉም የተባለው ወዲያው ገብቶታል። በክሪኬት ዳኛ በራሱ አይፈርድም። መቺው ኳሱ ተቀልቦ ወይም ካስማው ተመትቶ በአገር ፊት ከጨዋታ ቢወጣ እንኳ፣ ከወርዋሪዎቹ ወገን አንዱ «ይኼስ እንዴት ነው?» ብሎ ካልጮኸ ዳኛው ግንድ ነው። ከተጠየቀ ግን መመለስ ግዴታው ነው፤ ወጥቷል ካለ አንድ ጣቱን ወደ ሰማይ ያነሣል። ታድዌል ያሰባት ይህችን ነው። ማንም አይዋሽም፣ ማንም አይጠይቅም፣ እንግዶቹም አይወጡም። ሰውየው ቤት ማስተዳደር ያውቅበታል።

«ፐርዲው፣ ዳኛው አንተ ነህ።»

«እኔ? ለምን ሚስተር ታድዌል?»

«ነጭ ካፖርት አለህ።»

እውነቱን ነው። የክሪኬት ዳኛ ነጭ ካፖርት ይለብሳል፤ በዋራቢን ደግሞ ነጭ ካፖርት ያለው ሠረገላ ነጂው ብቻ ነው፤ ለመንገድ አቧራ የተሰፋለት። ብዙ ዳኛ ከዚህ ባነሰ ምክንያት ተሹሟል።

ሌሎቹ ሲበተኑ ታድዌል ጠጋ አለው። «አንድ ወጣት ነጂ ከሜልበርን እየተመላለሰ ደጅ እየጠናኝ ነው። በሚመጣው ሳምንት፣ ለአዲስ ዓመት ሊጀምር ይችላል። ላይጀምርም ይችላል።» ይህን ብሎ ሄደ።

ኢኖክ ዳማዎቹን ተመለከተ። አራቱም እጁ ላይ ነው ያደጉት። ከኋላ የምትጠመደዋን ባዝራ፣ እናቷ ስትሞትባት፣ ጋጣ ውስጥ አብሯት እያደረ በጨርቅ ጫፍ ወተት አጥብቷታል። መኝታው ከጋጣው በላይ ነው፤ ሌሊት ሲያንኮራፉ ይሰማቸዋል። ከዚህ ቤት የወጣ ነጂ ካፖርቱን ይዞ ይወጣል፤ ፈረሶቹ ይቀራሉ። ደግነቱ ታድዌል የሰጠው ሥራ ቀላል ነው። ማንም ካልጠየቀው ምን ሊናገር? ዳኛ ከመሆን ግንድ መሆን ይሻላል፤ እሱንም የለመደው ነው።

ጨዋታው የተጀመረው በጎቹ ከተነዱበት መስክ ላይ ነው። መጀመሪያ የመምታቱ ተራ የቤቱ ሠራተኞች ሆነ። እንግሊዞቹ ትእዛዝ የላቸውምና በየደቂቃው «ይኼስ እንዴት ነው?» እያሉ ይጮኻሉ፤ ኢኖክም እውነት ሲሆን ጣቱን ያነሣል። ሠራተኞቹ ተራ በተራ ወጥተው ከጥድ ዛፉ ጥላ ተቀመጡ። ጃቤዝ ብቻ ሁለት ኳስ ከአጥሩ ማዶ ሰድዶ፣ ሦስተኛውን እሰዳለሁ ሲል ኳሱ ተቀለበበት።

ቀጥሎ ፌይን ዱላውን ይዞ ገባ። ከኋላው ሦስቱ ካስማዎች ተተክለዋል፤ አናታቸው ላይ ጣት ጣት የሚያካክሉ ሁለት ትንንሽ እንጨቶች ተጋድመዋል። ከሁለቱ አንዷ በኳሱ ምክንያት ከወደቀች መቺው ወጣ ማለት ነው። ፌይን ግን ለመውጣት የመጣ አይመስልም። ገና ከጅምሩ የመታው ኳስ ሄዶ የአትክልተኛውን ረዳት ጉልበት አገኘው። ልጁን ተሸክመው አወጡት፤ ቦታውም ባዶ ሆነ።

«ኦኖራን ጥሯት» አለ ጃቤዝ።

ኦኖራ ቲርኒ የቤቱ ልብስ አጣቢ ናት፤ አየርላንዳዊት። እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ክንዷ እስከ ክርኑ በሳሙና ነጥቶ መጣች።

«ሴት?» አለ ፌይን።

«አዎ ጌታዬ፤ ድሮም ነበርኩ» ብላ ሜዳው ዳር ሄዳ ቆመች።

ለልብስ አጣቢ ትእዛዝ ማስተላለፍ ለማንም ትዝ አላለውም። የማጠቢያ ቤቱ መስኮት ደግሞ የሚከፈተው ወደ ጋጣው ግቢ ነው፤ እዚያ የተባለ ሁሉ ይሰማበታል።

ብዙም ሳይቆይ ፌይን ወደ ላይ የላካትን ኳስ አንድ የፈረስ ጠባቂ ቀለባት። ንጹሕ ቅልብ ነበር። ልጁ ግን የሰረቀው ዕቃ እጁ ላይ እንደተገኘበት ኳሷን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጣት። ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። ፌይን ዱላውን በብብቱ ይዞ ሊሄድ ካለ በኋላ ቆመ። አንዱን አየ፤ ሌላውን አየ። ከዚያ ዞሮ በረንዳው ላይ የሎሚ ውሃ የሚያዞረውን ታድዌልን አየ። ገባው።

«አትጠይቁም?» አለ።

ፈረስ ጠባቂው ኳሷን አንሥቶ ለጃቤዝ መለሳት።

«ጨዋ ሰዎች ናችሁ» አለ ወደ ቦታው እየተመለሰ። «ለንደን ላይ ምን እንደነካን ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ዕድል ነው። በእግር ብረት የመጣ ሰው የልጅ ልጅ ጌታ ፊት አፉን እንደማይከፍት ማወቅ ነበረብን።»

ቀልድ ነው፤ ሁለት እንግዶችም ሳቁለት። የጃቤዝ አያት ከእንግሊዝ በእስረኝነት፣ በእግር ብረት ነው የመጡት። ይህን በዋራቢን የማያውቅ የለም፤ ፊቱ ላይ ያነሣበት ሰውም ኖሮ አያውቅም። ጃቤዝ መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ኳሷን አሻት፤ ከወትሮው ራቅ ብሎ ሄዶ ተመለሰ፤ ሮጦም ወረወረ።

ኳሷ ወርዳ መሬት ነካችና ወደ ውስጥ ታጠፈች። የፌይን ዱላ አየሩን ቀዘፈ። ኳሷ የመካከለኛውን ካስማ አናት ዳሰስ አድርጋ አለፈች፤ ጠቅ የምትል ድምፅ ተሰማች። ከሁለቱ ትንንሽ እንጨቶች አንዷ፣ ልውደቅ አልውደቅ ስትል ቆይታ፣ ሣሩ ላይ ወደቀች።

ፌይን ጎንበስ ብሎ አነሣት። በገዛ እጁ መልሶ ቦታዋ ላይ አጋደማት።

«ነፋስ» አለ።

ጃቤዝ አፉን ከፈተ፤ ሚስቱንና ልጆቹን አሰበ መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው። ኢኖክ ሁሉንም አይቷል። ከካስማው እስከ እሱ ቢርቅ የሁለት ሠረገላ ርዝመት ከነፈረሶቹ ቢሆን ነው። ግን አልተጠየቀም፤ ግንድ ነው። ዓይኑን ወደ ሩቅ ኮረብታ ላከ።

«ይኼስ እንዴት ነው?»

ድምፁ የመጣው ከሜዳው ዳር ነው። ከጥድ ዛፉ ወፎች ተነሡ። ኦኖራ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ሚስተር ፐርዲው! ጠይቄያለሁ እኮ! ይኼስ እንዴት ነው?»

በረንዳው ላይ ታድዌል ትሪውን እንደያዘ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ። በቀስታ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው መንገድ። ኢኖክ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለከተ። የገናው ምግብ ሲንተከተክ ውሏል፤ የጭስ ማውጫው ጭስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኦኖራ አንሶላዎች ገመዳቸው ላይ እንደ ሰሌዳ ደርቀዋል። ከጠዋት ጀምሮ ላብ የሚያደርቅ ነፋስ እንኳ አልነበረም።

ኢኖክ ነገሩን አሰበው። ሰው ሳይጠየቅ ዝም ቢል ጨዋ ይባላል። ከተጠየቀ በኋላ ዝም ካለ ግን ስሙ ሌላ ነው።

ጣቱን አነሣ።

«አንተ ሰውዬ» አለ ፌይን። «ነፋስ ነው አልኩ እኮ።»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ።»

«ታዲያ ጣትህን አውርድ።»

«እርስዎ ሲሄዱ አወርደዋለሁ ጌታዬ።»

ክንዱ ከትከሻው እየከበደ ሄደ። ፌይን እስኪሰለቸው ቆመ፤ ጣቲቱም ቆመች። በመጨረሻ ዱላውን ሣሩ ላይ እየጎተተ ሄደ። ያጨበጨበ አልነበረም። ጃቤዝ ፊቱን አዙሮ አፍንጫውን ተናፈጠ፤ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ኢኖክ ወደ ሜዳው ዳር ሄደ። «ማን ጠይቂ አለሽ?»

«ማን አትጠይቂ አለኝ? እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ ሚስተር ፐርዲው፤ ለእኔ ማን ይነግረኛል?» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምን ያደርጉብዎታል?» አለችው።

«ያሉትን።»

«ወይ ጉድ» አለች ኦኖራ። «ባልጠየቅኩ አልልዎትም።»

ከዚያ ወዲያ አፍ ሁሉ ተከፈተ። ፈረስ ጠባቂው ጠየቀ፣ ወተት አላቢው ጠየቀ፤ ጃቤዝማ ኳሷ ገና ከእጁ ሳትወጣ መጠየቅ ጀመረ። ኢኖክ የወጣውን ወጥቷል፣ ያልወጣውን አልወጣም አለ። ሁለት ጊዜም የገዛ ወገኖቹን ጩኸት «አልወጡም» ብሎ መለሰ፤ አጉረመረሙበት። በስተመጨረሻ እንግሊዞቹ አሸነፉ። ደህና ተጫዋቾች ነበሩና ያለ ታድዌልም ማሸነፋቸው አይቀርም ነበር።

በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጨዋታውን ያዩ የነበሩት ወይዛዝርት አንድ ነገር አሰቡ። እንግዶቹ አመድ ፍለጋ ይህን ሁሉ ባሕር ካቋረጡ፣ ለምን አመድ አይሰጣቸውም? የወደቀችውን ትንሽ እንጨት አስመጥተው ወጥ ቤት ልከው በአካፋ ላይ አቃጠሏት። ሌዲ ሴልዊን ከመኳኳያ ጠረጴዛቸው እጀታ ያላት የሸክላ ሽቶ ዕቃ አመጡ፤ ቁመቷ ከስንዝር አይበልጥም። አመዱ ተጨመረባት።

ታድዌል ኢኖክን ከውሃ ማጠራቀሚያው ጀርባ ያዘው። ከንፈሩ ነጥቷል።

«እመቤታችን ይጠሩሃል። ሚስተር ፌይን የነፋሱን ነገር በቀልድ ሊያነሡት ነው። ስትጠየቅ፣ ተሳስቼ ይሆናል ትላለህ። ሦስት ቃል አይሞላም። ሁሉም ይስቃል፤ ነገሩ ያልቃል። ያ ልጅም ሜልበርን ይቀራል።»

«ካላልኩስ?»

«ለፈረሶቹ ሲል እንኳ ፐርዲው። ያ ልጅ በአለንጋው ደግ አይደለም አሉ።»

ይህችኛዋ ገባችበት። ኢኖክ በረንዳው ሥር ሄዶ ቆመ፤ ባርኔጣውንም አወለቀ።

ፌይን ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ይናገር ነበር። «...እናም አገሬ ስገባ፣ ይህ አመድ በአውስትራሊያ ነፋስ የወደቀች እንጨት አመድ ነው እላለሁ። እዚህ አገር ነፋሱ ሳይቀር ይጫወትላችኋል!»

ተሳቀ። ሌዲ ሴልዊንም ፈገግ እንዳሉ ወደ ታች አዩ።

«ፐርዲው፣ ሚስተር ፌይን ነፋስ ነበር ይላሉ። ዳኛው አንተ ነህ። ነፋስ ነበር?»

ሁሉም ፊት ወደ እሱ ዞረ፤ ሳቁ እንደተዘጋጀ። አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ ተራምዶታል። ኢኖክ ኋለኛዋ ዳማ ጀርባዋ ላይ አለንጋ አርፎባት እንደማያውቅ አሰበ።

«አልነበረም እመቤቴ» አለ። «ወጥተዋል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ነገም ቢጠይቁኝ ወጥተዋል።»

አንድ ሰው ማንኪያውን ሣህን ላይ አስቀመጠ። ሌዲ ሴልዊን ዕቃዋን በሁለት እጃቸው አንሥተው ለፌይን ሰጡት።

«እንግዲያው አመዱ የእውነት ነው ሚስተር ፌይን» አሉ። «ተጠንቅቀው ይያዙት።» ቀጥለውም ወደ አዛዡ ዞረው፣ «ታድዌል፣ ባቡሩ እንዳያመልጣቸው» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። እመቤቲቱ ቅን ሰው ናቸው፤ በአዛዡ ሥራ ግን አይገቡም።

ታድዌል በኢኖክ በኩል ሲያልፍ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። «እስከ አዲስ ዓመት።»

ወደ ጣቢያው ሲመለሱም ፌይን ከነጂው ጎን ተቀመጠ፤ ውስጥ ያሉት ስለ እሱ መዝፈን ጀምረው ነበር። ዕቃዋን በመሐረብ ጠቅልሎ ጉልበቱ መካከል ይዟታል። ፀሐይ ኮረብታው ጫፍ ላይ ናት። ጣቢያው ከሩቅ ታየ።

«ያስወጡሃል አሉ» አለ በመጨረሻ።

«እንዳሉት ጌታዬ።»

«ስማ። እዚህ የሚሰማን የለም። ነፋስ ሊሆን ይችላል በለኝ። ይችላል ብቻ። ለታድዌል አንድ ቃል እጽፍልሃለሁ፤ ከቦታህ ማንም አይነቀንቅህም። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።»

«አይደሉም ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

ኢኖክ ዛቡን ላላ አደረገ። የፈረሶቹ ጆሮ ድምፁን ፍለጋ ወደ ኋላ ዞረ። ይችላል ማለት ውሸት እንኳ አይደለም፤ በዓለም ላይ ነፋስ የሚባል ነገር አለ።

«ዛሬ ጠዋት ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ የፈለጉትን እልዎት ነበር» አለ። «አሁን ግን አንዲት ሴት በሰው ፊት ጠይቃኝ መልሼላታለሁ። ለእርስዎ የሚሆን ሌላ መልስ የለኝም።»

ፌይን ብዙ አየው። ሊናደድ የፈለገ ይመስል ነበር፤ ግን አልመጣለትም። ጣቢያው ሲደርሱ ራሱ ወረደ፤ ዕቃዋን በብብቱ ይዞ ከጓደኞቹ ተለይቶ ብቻውን ባቡሩ ውስጥ ገባ።

ባዶ ሠረገላ በሶምሶማ እንዲመለስ የዋራቢን ደንብ ነው፤ መብራት ሳይበራ ጋጣ መግባት አለበት። ኢኖክ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ከመንገዱ ወጣ። ጅረቱ ዳር ሠረገላውን አቁሞ ፈረሶቹን አንድ በአንድ ፈታ፤ ቀንበራቸውን፣ ማሰሪያቸውን፣ ልጓማቸውን ሁሉ አወለቀላቸው። እስከ ሆዳቸው ገብተው ጠጡ። ኋለኛዋ ውሃውን በእግሯ እየመታች ካፖርቱን ጭቃ አለበሰችው፤ አልተቆጣትም።

ታድዌል ይሄኔ ሰዓቱን በእጁ ይዞ ጋጣው ደጃፍ ላይ ቆሟል። ኢኖክ ሳያየው ያውቀዋል።

ይቁም።